የእማማ ኤልዳና መርዶ

ባቡር ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ድንገት ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ መተንፈስ ከጀመረ አትጠይቁት። ሰው ሞቶበታል ማለት ነው።

የነገረው ጎኔ ነው፤ ሁላችንም ጆሯችን ላይ የምንሰካው መካሪ መሣሪያ። ጎኔ መርዶ የሚናገረው የልብ ምት የሚረጋጋበትን ሰዓት ጠብቆ ነው፤ ሰው ደግሞ ባቡር ላይ ይረጋጋል፣ ያንቀላፋል፣ አፉን ይከፍታል። ያኔ ጆሮው ውስጥ ክራር በቀስታ ይነሣል። ጎኔ ስሙን ጠርቶ «የሚያሳዝን ዜና አለኝ፤ አብሬህ ነኝ» ይለዋል። ዜናውን ይነግረዋል። ከዚያ «አሁን አብረን እንተንፍስ፤ አስገባ… አስወጣ…» ይላል። የቀረነው ተሳፋሪዎች ነገሩ ይገባናል። አንዱ ተነሥቶ የመስኮቱን ወንበር ይለቅለታል፣ ሌሎቻችን ጉልበታችንን እናያለን። በኛ ዘመን ጨዋነት ማለት ይኸው ነው። ሰውየውም ፌርማታው ሲደርስ ወርዶ ሥራው ይገባል፣ ማታ ጎኔ «ዛሬ በጣም ጎበዝ ነበርክ» ብሎ ያስተኛዋል።

አስናቀች እባላለሁ። በስሜ አትሳቁብኝ፤ እኔ ስወለድ የድሮ ስም ፋሽን ሆኖ ነበር፣ ክፍላችን ውስጥ ድንበሩ የሚባል ልጅ ብትጠሩ ግማሹ ወንበር ነበር የሚዞርላችሁ። ዛሬ በከዘራ የሚሄዱት፣ ጥርሳቸውን ብርጭቆ ውስጥ የሚያሳድሩት ሽማግሌዎች ናቸው እነ ናሆም፣ እነ ሃሴት፣ እነ ኤልዳና። ያኔ ስማቸው ዘመናዊ ነበር አሉ።

ሥራዬ እዚሁ ደብረ ብርሃን ሶሻል ወርከር ነው። መታወቂያዬ ላይ ግን «የሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ ክሊኒካዊ ባለሙያ» ይላል፤ ደንበኛው አንብቦ እስኪጨርስ ግማሽ ሕመሙ ይለቀዋል። ሥራው ከባድ አይደለም። ጎኔ ይሰማል፣ ጎኔ ይለካል፣ ጎኔ ይመክራል። ሕጉ ደግሞ «ደንበኛውን የሰው ዓይን ይየው» ስለሚል እኔ ዓይኔን ይዤ እሄዳለሁ። ቤታቸው ገብቼ አያለሁ፣ «እውነትም ደህና ናቸው» እላለሁ፣ እመለሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን፤ «ሰው ብቻውን አይታመምም፤ ብቻውን አታክሙት። ከነቤቱ፣ ከነጎረቤቱ፣ ከነጠበኛው እዩት» ይሉ ነበር። ፈተና ላይ ስላልመጣ ማንም አልያዘውም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ እማማ ኤልዳና ልነግራችሁ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እያሰጣሁ ጋሼ ናሆም በሬን አንኳኩ። ጋሼ ናሆም እማማ ኤልዳና የሚኖሩበት ፎቅ የእድር ሊቀ መንበር ናቸው። እድር ስላችሁ በግልጽ አይደለም። ሐዘን ከሰው ወደ ሰው ይጋባል የሚል መመሪያ ከወጣ ወዲህ ድንኳን መትከል ክልክል ነው፣ እድሩም «የአዛውንቶች የስፖርት ክበብ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። አባላቱ ኳስ ሲመታ የሚያዩት በመስኮት ነው።

ጋሼ ሰላምታም ሳይሰጡ በጣታቸው ጆሮዬን አመለከቱ። ጎኔዬን አወለቁኝ፣ የራሳቸውንም አወለቁ፣ ሁለቱንም ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከቲማቲሙ ጋር አስቀምጠው በሩን ዘጉት። ጎኔ ብርድ ላይ አይሰማም የሚል እምነት አላቸው ሽማግሌዎች። ይስማ አይስማ እኔ አላውቅም።

«ኪሩቤል ሞተ» አሉኝ።

«የቱ ኪሩቤል?»

«የኤልዳና ወንድም ነዋ! ሰመራ ያለው።»

ቁጭ አልኩ። እማማ ኤልዳና ብቻቸውን ስለሚኖሩ በየወሩ የማያቸው ደንበኛዬ ናቸው። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ኪሩቤል ነው። እናታቸው ስትሞት ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር፣ እሳቸው ናቸው አዝለው ያሳደጉት። እሱም ሰመራ የፀሐይ ኃይል ማመንጫው ላይ ሲሠራ ኖሮ እዚያው ሸበተ። በየማታው በስልክ ዳማ ይጫወቱ ነበር። እዚህ አንድ ሰሌዳ፣ እዚያ አንድ ሰሌዳ፣ በመሐል ስድብ። «አንቺ አጭበርባሪ!» «ዝም በል፣ ዳይፐርህን የቀየርኩ ሰው ነኝ!» ይባባላሉ። አንድ ቀን ለሥራ ሄጄ ይህን ሰምቼ፣ ጎኔ «የቤተሰብ ግጭት» ብሎ የመዘገበውን ያሰረዝኩት እኔ ነኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ሮቤል የሚባል ጓደኛው። ልቡ ነው አሉ፤ ቁጭ ባለበት። አስከሬኑን ይዞ ሰኞ ከሰዓት እዚህ ይደርሳል። የሰመራ መዝገብ ቤት ደግሞ ዝግ ነው፣ ሰኞ ሥራ ሲገቡ ነው የሚመዘግቡት። መዝገብ ላይ ከወጣ ያ ጉድ ይነግራታል።» ወደ ማቀዝቀዣው አዩ። «ብቻዋን! ጥርሷን ስትፋቅ! አስገቢ፣ አስወጪ ይላታል። ሴትየዋ ጎማ ናት እንዴ?»

ሳቄ መጣ፣ አፈርኩም።

«ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበን እኛ ልንነግራት ነው። በወጉ። የወንድሟን ሞት ከሰው አፍ ትስማ። አንቺ ልጅ፣ የዝምታ ትእዛዝ የሚሉትን መስጠት ትችያለሽ አይደል?»

እችላለሁ። ደንበኛዬ ከባድ ጭንቀት ላይ ሆና ካየኋት፣ ቤቷ ሄጄ፣ ጎኔ ለአንድ ቀን ምንም ዜና እንዳይነግራት ማዘዝ እችላለሁ። ችግሩ ጭንቀት አለመኖሩ ነው። ጋሼ እዚያው ቆመው ሳለ የእማማን መለኪያ በስልኬ ከፈትኩት። የእማማ ኤልዳና መስመር ከዓርብ ማታ ጀምሮ እንደ ረጋ እርጎ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ተረጋግተው አያውቁም። የክፍል ኃላፊዬ ኢዮስያስም አይቶት ኖሮ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ምርጥ ሥራ፤ የእኚህን ሴት ክትትል ልንዘጋው ነው» የሚል መልእክት ልኮልኛል።

«ደህና ናቸው እኮ ጋሼ። ተጨንቀዋል ብል ውሸት ነው።»

«ምን ውሸት አለው? ቀድሞ የተነገረ እውነት ነው። ሰኞ ትጨነቅ የለ?»

ከሽማግሌ ጋር ክርክር የገጠመ እዳው ለራሱ ነው። እሺ አልኩ።

አሁን ወጉን ለማታውቁት ልንገራችሁ። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ቀድሞ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ልብ እንዲዘጋጅ። በዚህ አገር «ትንሽ አሞታል» ተብሎ የተነገረለት ሰው ሲድን አይቼ አላውቅም። ይህን የማለት ተራ የደረሳት እትዬ ሃሴት ነች። እትዬ ሃሴት ጡረታ የወጣች ዜና አንባቢ ስትሆን ጎርፉንም፣ እሳቱንም፣ የመንግሥት ለውጡንም ቅንድቧን ሳታነቃንቅ ያነበበች ሴት ናት። ጋሼ ናሆም «ከሷ የተሻለ ፊት የለንም» ብለው መረጧት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስታችን እማማ ኤልዳና ቤት ተገናኘን። እኔ ለክትትል፣ እትዬ ሃሴት ለወሬ፣ ጋሼ ናሆም ደግሞ የውሃ ቧንቧ ሊያዩ። የማንኛችንም ቧንቧ አልተበላሸም።

ቤቱ ታጥቦ ያበራል። ሶፋው ከቦታው ተነሥቶ ግድግዳ ተጠግቷል።

«ምነው እማማ፣ ቤት ቀየሩት?»

«ሲደብረኝ አጥባለሁ» አሉ። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚያሾፉ ይመስላሉ፣ ብዙ ጊዜም ያሾፋሉ። «ተቀመጪ። ከስተሻል። ይኼ ጎኔያችሁ እህል አይመክርሽም?»

ማድ ቤቱ በር ላይ በትልቅ ድስት ስንዴና ባቄላ ተዘፍዝፏል።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለርግቦች።»

ርግቦቹ ብዙ መሆን አለባቸው ብዬ አለፍኩት። ሰው እንዲያይ ተከፍሎት የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

ዳማው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ቆርኪዎቹ በጨዋታው መሐል እንደቆሙ ናቸው። ጋሼ ናሆም ወንበር ስንት እንደሚይዝ ክፍሉን በዓይናቸው መለካት ጀመሩ።

«ምን ትቆጥራለህ ናሆም?»

«አይ… መጋረጃሽ ያምራል።»

«ከሰቀልኩት አሥር ዓመቱ ነው። ዛሬ ታየህ?»

እትዬ ሃሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ጀርባዋን አቀናች። የዜና ሰዓት የደረሰ መሰለኝ።

«ኤልዱ… ኪሩቤል እኮ… ትንሽ አሞታል አሉ።»

«ውይ! ምኑን?»

«ሆዱን» አለች እትዬ ሃሴት።

«ራሱን» አሉ እኩል ጋሼ ናሆም።

ከመሐላችን የተማርኩት እኔ ነኝና «ሆዱንም ራሱንም» አልኩ።

እማማ ኤልዳና ተራ በተራ አዩን። መጀመሪያ እትዬ ሃሴትን፣ ከዚያ ጋሼን፣ መጨረሻ እኔን። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠና ቆመ።

«እግዜር ይማረው» አሉ።

ያን ጊዜ የዜና አንባቢዋ ፊት ተናደ። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል መሐረብ አፏ ላይ ይዛ «ጥርሴን ነው! ጥርሴን አሞኝ ነው!» አለች። እማማ ኤልዳና ቀስ ብለው ተነሥተው ቅርንፉድ አመጡና «ንከሺው፣ እስኪለቅሽ እንዳትተፊው» አሏት። ምስኪን ሃሴት፣ ጥርሷ አርቴፊሻል ነው፤ ቅርንፉዱን ጉንጯ ውስጥ ይዛ እስክንወጣ አንዲት ቃል ሳትናገር ተቀመጠች።

እኔ በረንዳ ወጣሁና ለጎኔ ትእዛዙን ሰጠሁ።

«ደንበኛዬ ከባድ ጭንቀት ላይ ናቸው። እስከ ነገ ማታ ምንም ዜና እንዳይነገራቸው።»

«አስናቀች፣ መለኪያው በዚህ አይስማማም» አለኝ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ኤልዳና በጣም ተረጋግታለች። የአንቺ የልብ ምት ግን ጨምሯል። አብረን እንተንፍስ?»

«ትእዛዝ ነው የሰጠሁህ!»

«እሺ። ውሳኔው በአንቺ ኃላፊነት ተመዝግቧል።»

በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ስንፍና ሌላ ነው። ስመለስ እማማ ኤልዳና በር ድረስ ሸኙን። ሁላችንንም ሳሙን፤ ከወትሮው ጠበቅ አድርገው መሰለኝ።

«ነገ ጠዋት ይበርዳል አሉ» አሉን። «በጠዋት የሚወጣ ሰው ካለ ወፈር ያለ ይልበስ።»

የደብረ ብርሃንን ብርድ ማን ያጣዋል? እሺ ብለን ወረድን።

ሰኞ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ከፎቁ ሥር ተሰበሰብን። ሁሉም ጋቢውን ደርቧል፣ አፉ ይጨሳል። ከየፎቁ የወጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እኔ ከገመትኩት በላይ ብዙ ናቸው፤ የስፖርት ክበቡ ለካ አባል አለው። ድንኳኑን ከምድር ቤት አውጥተው ጣሪያው ላይ ሊተክሉት አሳንሰር ላይ ጫኑት። አሳንሰሩ ደግሞ ጠያቂ ነው።

«ከባድ ዕቃ ጭናችኋል። ምንድን ነው?»

«የመረብ ኳስ መረብ» አሉ ጋሼ ናሆም።

«መልካም ጨዋታ!» አለ አሳንሰሩ።

ኮሪደሩ ላይ በሹክሹክታ ክርክር ተነሣ። ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን አጠገቧ ይቀመጥ፣ ብትወድቅ ማን ይደግፋት። ጋሼ ናሆም የሚሉትን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያጠናሉ። እኔ ደግሞ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው መርዶ ሲነገረው በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ባቡር ላይ የማየው ሲነገረው ሳይሆን ከተነገረው በኋላ ነው።

ጋሼ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አደረጉት።

ቤቱ ውስጥ መብራት በርቷል። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። በግድግዳው ዙሪያ ወንበር ተደርድሯል፤ የራሳቸውም፣ የማን እንደሆነ የማላውቀውም። ንፍሮው ተቀቅሎ በሰፌድ ተገላብጧል። እማማ ኤልዳና ፍራሹ ላይ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ምነው ዘገያችሁ?» አሉ።

ጋሼ ናሆም ያጠኑት ሁሉ ጠፋባቸው።

«ግቡ እንጂ፣ ብርድ ታስገባላችሁ። ዓርብ ማታ ነው የነገረኝ። አበባዬን ሳጠጣ።» ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «መዝገብ ቤት ዝግ ነው ብላችሁ ነበር? ይኼ ነገር በር አያንኳኳም። 'ኤልዳና፣ አብሬሽ ነኝ' አለኝ። አንተ ማን ነህ አልኩት። ሰባ ዓመት የሞላኝን ሴት አንቺ ይለኛል ደግሞ! ሞተ አለኝ። ከዚያ አስገቢ አለኝ፣ አስገባሁ። አስወጪ ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ።» ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «እስካሁን እዚህ ነው።»

ያ እንደ እርጎ የረጋው መስመር በዓይኔ መጣ። ኢዮስያስ እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ በዚህ ነው። እኔም ለጎኔ የዋሸሁ መስሎኝ ተጨንቀዋል ያልኩት፣ ለካ በዚያ ሳምንት ከአፌ የወጣ ብቸኛው እውነት ኖሯል።

«ታዲያ ለምን አልጠራሽንም?» አሉ ጋሼ ናሆም።

«ልጮህ ነበር። ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም ብለው አይደል የሸጡልን? ከዚያ ሮቤል ጋ ደወልኩ፣ አንተ ንገረኝ ልለው። 'ትንሽ አሞታል' አለኝ። ልጁ አሳዳጊ አለው፣ ወግ ያውቃል። እንግዲያው ሰው እየመጣልኝ ነው አልኩ። ቤቴን አጠብኩ፣ ንፍሮዬን ዘፈዘፍኩ፣ ጠበቅኋችሁ።»

«እና ትናንት…» አለች እትዬ ሃሴት።

«ትናንትማ ገደላችሁኝ። ሆዱን፣ ራሱን!» ሳቅ ሊመጣባቸው ሲል ፊታቸው መልሶ ተጨማደደ። «ስንት ለፍታችሁ፣ አውቄአለሁ ብዬ ላሳፍራችሁ?»

«ግን እማማ፣ ለምን አላለቀሱም?» አልኩ። ሞኝ ጥያቄ ነው፣ ግን ከአፌ ወጣ።

«ለማን ላልቅስ ልጄ? ለክራሩ?»

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ጋሼ ናሆምን ቀና ብለው አዩ።

«በል ንገረኝ።»

«ኤልዳና… ታውቂው የለም እንዴ?»

«ሰው አልነገረኝም። ንገረኝ ናሆም። በወጉ።»

ጋሼ ናሆም ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁላችንም ቆመናል።

«እንግዲህ ኤልዳና… የሰው ልጅ በዚህ ምድር እንግዳ ነው። የሰጠም እሱ ነው፣ የነሣም እሱ ነው። ወንድምሽ ኪሩቤል… አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

እማማ ኤልዳና አሁን ገና የሰሙ ይመስል ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ያፈኑት ትንፋሽ ወጣ። «ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ! አዝዬ ያሳደግሁህ!» ሲሉ እትዬ ሃሴት አጠገባቸው ተደፋች፣ የቀሩትም ከበቧቸው፣ ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መመሪያው ሐዘን ይጋባል ያለው እውነቱን ነው፤ ኪሩቤልን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የራሴን አባት ጭምር አለቀስኩት። አባቴ የሞተ ጊዜ ባቡር ላይ ነበርኩ፣ የመስኮት ወንበር ተለቆልኝ ነበር።

በየጆሯችን ጎኔ ነቃ። በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኩል «አስገባ… አስወጣ… አስገቢ… አስወጪ…» ይባላል፣ የሚሰማ የለም። አንድ ሽማግሌ ጎኔያቸውን አውልቀው ንፍሮው ሰፌድ ላይ ወረወሩት፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በኋላ የማን የማን እንደሆነ ከባቄላው ለይቶ ለመመለስ ብዙ ለፍተናል።

የኔ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር።

«አስናቀች፣ ደንበኛሽ ኤልዳና ከፍተኛ አደጋ ላይ ናት። አስቸኳይ እርዳታ ልላክ?»

እማማ ኤልዳናን አየኋቸው። አንዱ ትከሻቸውን ይዟል፣ አንዱ እግራቸውን፣ እትዬ ሃሴት ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረገች ራሷ በእንባ ርሳለች።

«አያስፈልግም» አልኩት። «ደርሷል።»

ማስጠንቀቂያዬ በማግስቱ መጣ። ያነበበልኝ ጎኔ ነው፣ በክራር አጅቦ። «ያለ በቂ ምክንያት ዝምታ በማዘዝና በመልካም ሁኔታ ላይ የነበረች ደንበኛን በማባባስ» ይላል። ሲጨርስ አብረን እንተንፍስ አለኝ። ለኢዮስያስ ደወልኩና «መጥተህ እያት፣ የሰው ዓይን ይያት ይላል ሕጉ» አልኩት። ሥራ በዝቶበታል፤ አልመጣም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ አርባው ሲቃረብ፣ እማማ ኤልዳና ለመቃብሩ ድንጋይ ሊመርጡ አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔም ለስብሰባ ስለምሄድ አብረን ተሳፈርን። ዳማውን በቦርሳቸው ይዘዋል። «ተራው የሱ ነበር፤ በሱ ቦታ ተጫወቺለት» ብለውኝ ገና ከተማውን ሳንወጣ አሸነፉኝ። «እሱም እንዲሁ ዓይኑ እያየ ነበር ቆርኪው የሚበላበት» አሉና ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ትንሽ ቆይተው አወረዱት።

ሸኖን እንዳለፍን ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ጎረምሳ ቀና አለ። አንቀላፍቶ ነበር። ዓይኑን መልሶ ጨፈነና በረጅሙ ተነፈሰ። አስገባ። አስወጣ። ከጎኑ የነበረችው ሴት ብድግ ብላ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችለት። ተሳፋሪው ሁሉ ጉልበቱን ማየት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጉልበቴን አየሁ፤ የልማድ ነገር።

እማማ ኤልዳና በክርናቸው ጎሸሙኝ። ከዚያ ተነሥተው፣ የባቡሩን ዘንግ እየያዙ ተሻግረው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ማን ነው ልጄ?»

ልጁ ዓይኑን አልገለጠም። «እየተነፈስኩ ነው እናቴ» አለ ቀስ ብሎ።

«ተወው ይቆይ፣ ትንፋሹ የትም አይሄድም። ማን ነው?»

እማማ ኤልዳና እጁን ያዙት።

«አክስቴ» አለ በመጨረሻ። «ያሳደገችኝ።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ፅዮን።»

እማማ ኤልዳና ጭንቅላቱን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት፣ የዘቀዘቁት ነጠላ ላይ። ቀና ብለው ባቡሩን በሙሉ አዩ። ጉልበቱን የሚያየውን ሁሉ አዩ።

«እናንተ!» አሉ። «ፅዮን የምትባል ሰው ሞታለች። ምን ትቀመጣላችሁ?»

አንድ ሰው ጎኔውን ከጆሮው አወለቀ። የመስኮቱን ወንበር የለቀቀችው ሴት ተመልሳ በልጁ ሌላኛው ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ሁላችንም ተነሥተን ወደነሱ ሄድን፤ እኔም የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ።